ማኅተማችን ያረፈበት ዲስክ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልን እህቶች፣ ሌሊት ተነሥታችሁ ከክፍለ ሀገር ለደረሳችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባሉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ የተባሉትን የሊኑክስ ስርጭቶች፣ ማለትም ኮምፒውተርን የሚያሠሩ ነፃ የሶፍትዌር ጥቅሎች፣ በዲስክ አባዝተናል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላላቸው ትምህርት ቤቶች ቀለል ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶችን አድርሰናል፤ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ ወረቀት ከየዲስኩ ጋር አያይዘናል። ኮርቼባችኋለሁ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ወደዚያው ልለፍ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ መምህር ከገጠር መጡ። ከእኛ የገዟቸውን አምስት ዲስኮች በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሁለቱ መጫን ከጀመሩ በኋላ መሐል ላይ ቀጥ ብለዋል። በኮምፒውተሮቹ ላይ የነበረው ስርዓት አስቀድሞ ተደምስሶ ስለነበር ማሽኖቹ ባዷቸውን ቀሩ። ኢንተርኔት በሌለበት ሰፈር ሌላ ቅጂ ከየት ይምጣ? መምህሩ አልተቆጡም። «ማኅተማችሁን አይቼ ነበር የገዛሁት» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲስኮቹን መረመርናቸው። የተቀዱበት ፋይል አንዳች እንከን የለውም፤ ጥፋቱ የአቀዳዱ ነው። አንደኛው ጊዜ ለመቆጠብ በከፍተኛ ፍጥነት ተቀድቶ ማንም መልሶ ሳያነበው ታሽጓል። በሌላኛው ላይ የስርጭቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የሲዲ መረጃ ያለው ከጽሑፉ ፊት ሥር፣ ከስስ ልባስ በታች ነው፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ይወጋዋል። ይህን ስንት ጊዜ ተነጋገርን?

የፍተሻው ሥርዓት በጽሑፍ አለን። ፋይሉ እንደወረደ ቼክሰም የምንለው የማረጋገጫ ቁጥር ይመሳከራል፤ የአዘጋጆቹ ዲጂታል ፊርማም ይረጋገጣል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2016 ሰርጎ ገቦች ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ስርጭት ድረ ገጽ ሰብረው ሰዎችን የስለላ በር ወደተከፈተበት ቅጂ መርተዋቸዋል፤ ድረ ገጹን የሰበረ ሰው እዚያው የተጻፈውን ቁጥርም ሊለውጥ ይችላል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ዲስክ ከተቀዳ በኋላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦ ከፋይሉ ጋር ይነጻጸራል። ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት ይህንን ነው። ፋይሉ ደኅና ሆኖ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል! በመጨረሻም ከየዙሩ አንድ ዲስክ ተወስዶ በአሮጌ ማሽን ላይ እስከ ፍጻሜው ይጫናል።

በመጋቢቱ ስብሰባ «በነፃ የተገኘ ነገር ነው፤ ፈቃዱ ራሱ ዋስትና የለም ይላል፤ እኛን ምን አገባን?» ያላችሁ ወንድሞች ነበራችሁ። ክርክሩ ማኅበሩን ለሁለት ሊከፍለው ደርሶ ነበር። እውነት ነው፣ ሊኑክስ የሚሰራጭበት ፈቃድ፣ ጂፒኤል፣ ዋስትና አይሰጥም። ነገር ግን ያው ፈቃድ፣ በሁለተኛው እትሙ፣ ለማባዛቱ ድካም ዋጋ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ከፈለግን በክፍያ ዋስትና መስጠት እንደምንችልም በግልጽ ይናገራል። እኛ ዋጋ ጠይቀናል፤ ማኅተምም አሳርፈናል። የሊኑክስ ጸሐፊዎች ዋስትና ስላልሰጡ ብቻ የተበላሸ ዲስክ የሸጥነው እኛ ነፃ የምንወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

የዲስክ ሻጭ ስሕተት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ከዴቢያን ታሪክ እንይ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 አንድ ሻጭ ድርጅት ገና በመሠራት ላይ ያለ ቅጂ ወስዶ «ዴቢያን 1.0» ብሎ በሲዲ አወጣው። የሚሠራ አልነበረም። አዘጋጆቹ ሰው እንዳይደናገር ብለው 1.0 የሚለውን ቁጥር ጨርሶ ተዉት፤ በጁን 1996 ያወጡት 1.1 ተባለ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ እንደተዘለለ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። የቅዳሜ ከሰዓት የፍተሻ ጠረጴዛችን መዝገብ እዚህ በእጄ ነው። ከጥር ወዲህ የሚደጋገሙት የአራት ሰዎች ስሞች ናቸው። አንደኛዋ ሕፃን ልጇን አዝላ እየመጣች ዲስክ ስትፈትሽ አይቻታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ሌሎቻችን የት ነበርን? እጃችሁን አውጥታችሁ «እኔ አለሁ» ያላችሁ፣ ዛሬም ወንበራችሁ ባዶ የሆነው፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ማኅበሩን የመሠረታችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔንም ዲስክ መቅዳት ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው የተቀየምኳችሁ።

ቅያሜዬን ያባሰው ደግሞ ማኅተሞቹ ናቸው። ለሥራ እንዲቀልል ብለን ካደልናቸው ማኅተሞች ሦስቱ እስካሁን በየቤታችሁ ናቸው። በመዝገባችን ያላለፈ ዲስክ በስማችን እየተሸጠ ነው። እዚህ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ዛሬውኑ ደውሉላቸው። በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ማኅተሞቹ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ካልሆነ አዲስ ማኅተም እንድናስቀርጽና በአሮጌው የታተመውን ሁሉ መልሰን እንድንለውጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጪው ያለንን ጥቂት ገንዘብ እንደሚያሟጥጥ አውቃለሁ። ከሻይ እረፍት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።

ለመምህሩ ሁለቱን ዲስኮች ተክተን ልከናል፤ ከመላካቸው በፊት እኔው ራሴ እስከ መጨረሻው ጫንኳቸው። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።