ሁለት ጥንድ ካልሲ

ክቡራን አዛዦች፣ አሠልጣኞች፣ ከሩቅ የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ፀሐዩ ሳይበረታ ለመጨረስ እሞክራለሁ። ሰልፍ ላይ ቆሞ ንግግር መስማት ምን እንደሚመስል አልረሳሁትም።

ዛሬ ሁሉም ሰው «በቅታችኋል» ይላችኋል። እኔ ግን ስንት ዓመት አሠልጣኝ ሆኜ ኖሬ፣ አፌ እሺ አይለኝም። ወታደርን የሚያዝገው ከምረቃ በኋላ ያለው የካምፕ ኑሮ ነው። የማለዳው ሩጫ ዛሬ በዝናብ፣ ነገ በስብሰባ ይቀራል። መሣሪያው ግምጃ ቤት ይከርማል። ቦርጭ የሚመጣውም ያኔ ነው፤ ከኋላ የምትስቁት፣ አይቻችኋለሁ!

የራሴን ልንገራችሁ። ምልምል ሳለሁ በረጅሙ የእግር ጉዞ ወንዝ ተሻገርን። ደረቅ ካልሲ ይዤ ነበር፤ ጓዜን መፍታት ሰለቸኝና በእርጥቡ ቀጠልኩ። በማግስቱ ተረከዜ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣበቀ። ጓዴ የኔንም የሱንም ክላሽ አንግቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ እኔ ከኋላው አነክስ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጠላት በሌለበት፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ በአንድ ካልሲ ሁለት ሰው ከውጊያ ወጣን ማለት እኮ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ የተመረጠ ነው። ከመሄዳቸው በፊት በአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች ለወራት ሠልጥነዋል። ፑሳን ሲደርሱ የአሜሪካ መሣሪያ ተሰጣቸውና እንደገና ሥልጠና ገቡ። «እኛኮ የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኞች ነን» ብለው አልተኮፈሱም፤ ስምንት ጥይት የሚጎርሰውን ጋራንድ ይዘው ከሀ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ከ7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ግንባር የተሰለፉት። በየተራ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች 121 ሰው ተሰውቷል፣ ከ500 በላይ ቆስሏል፤ ምርኮኛ ግን አንድም የለም። ይህ ጀግንነት ነው ይባላል፤ ነው። ነገር ግን በሌሊት ቅኝት ያለ ድምፅ መግባባት፣ ጓድህ በስተቀኝህ ስንት እርምጃ ላይ እንዳለ በጨለማ ማወቅ፣ ቁስለኛ ተሸክሞ በመጡበት መመለስ በወኔ ብቻ አይመጣም። እስኪሰለች ተደጋግሞ ነው የሚለመደው።

«ክላሽ አይነክስም፣ አሸዋም አያቆመው» የሚላችሁን አትስሙ። ዓይናችሁን በሻሽ አስራችሁ ስትፈቱና ስትገጥሙ አሠልጣኞቻችሁን ረግማችኋል፤ እኛም ረግመናል። ምድባችሁ ስትደርሱ ማንም ሳያዛችሁ በሳምንት አንዴ ሥሩት። አደራ፣ መጀመሪያ ካዝናውን ንቀሉ፣ ጥይት ቤቱን በዓይናችሁም በጣታችሁም ፈትሹ። «ባዶ ነው» ተብሎ የተቀመጠ መሣሪያ ስንቱን ጓድ እንደበላ አሠልጣኞቻችሁ ያውቃሉ።

ነገ ስትጓዙ ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ፤ አንዱን በላስቲክ ጠቅልሉት። እናቶቻችሁ ከአጥሩ ወዲያ ዳቦ ይዘው ቆመዋል፤ አዛዡ ሰልፉን ይበትኑላችሁ።