ለጓደኛ ብቻ የሚነገር ጭንቀት

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚቋቋመው የአቻ ለአቻ ድጋፍ ነው፤ ተማሪ ተማሪን የሚያዳምጥበት፣ ትልልቆቹ ለአዲሶቹ መሪ የሚሆኑበት ፕሮግራም። እኔ በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር በቀጥታ ልግባ። አመራረጡ።

እሱ፦ አመራረጡ ምን ሆነ?

እሷ፦ ትምህርት ቤቱ ሊጀምር ሲል ማንን ነው የሚጠራው? ሰቃዮቹን፣ የክፍል አለቆቹን፣ መድረክ ላይ ወጥተው ንግግር የሚያሳምሩትን። ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ ምንም አይወጣላቸውም። ግን የጨነቀው ልጅ አጠገባቸው ዝር አይልም። ከመምህራን ጋር ስለሚቀራረቡ ወሬው ቢሮ ይደርስብኛል ብሎ ይፈራል። ከክፍል የሚፎርፈው፣ እረፍት ሰዓት ጥግ ይዞ ብቻውን የሚቀመጠው፣ በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣው፣ እነዚህ ሁሉ እዛ ቡድን ውስጥ የኔ የሚሉት ሰው የላቸውም።

እሱ፦ ታዲያ ማን ይመረጥ?

እሷ፦ ተማሪዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነዋ። ግን ጥያቄው ወሳኝ ነው። "መሪ ማን ይሁን?" ካልካቸው ታዋቂውን ልጅ ይጽፉልሃል። "በጣም የከፋህ ቀን ለማን ትነግራለህ?" ብለህ ስማቸውን በማይጽፉበት ወረቀት ብትጠይቃቸው ግን ማንም መሪ ይሆናሉ ብሎ ያላሰባቸው ልጆች ስም ይመጣል። ውጤቱ መካከለኛ የሆነ፣ ብዙ የማያወራ ልጅ ስሙ ተደጋግሞ ታየዋለህ።

እሱ፦ ከዚህ ጋር የሚሄድ ፕሮግራም አለ። "ሶርስስ ኦፍ ስትሬንግዝ" ይባላል፣ አሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ። አቻ መሪዎቹን ከሁሉም ዓይነት የጓደኛ ስብስብ ነው የሚያወጣው፤ ስፖርተኛውም፣ ዝምተኛውም፣ አስቸጋሪ የሚባለውም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በ18 ትምህርት ቤቶች አይቶት ነበር። በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑት ልጆች፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ጓደኛቸውን ወደ አዋቂ ሰው የማድረሳቸው ዕድል ካልሠለጠኑት አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

እሷ፦ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ወደ አዋቂ ማድረስ ነው ያልከው። ልጆቹ አላከሙም። እነሱ የሠሩት ነገር መንገድ ማሳጠር ነው፤ በሚሰቃየው ልጅና ሊረዳው በሚችለው ሰው መካከል ያለውን መንገድ። ብዙ ትምህርት ቤት የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጥና የ16 ዓመት ልጅ "የተማሪ አማካሪ" ተብሎ ይሰየማል። ከዛ በኋላ ድብርት ውስጥ ያለ ጓደኛውን ብቻውን ተሸክሞ ይከርማል።

እሱ፦ ግን ለምን በቀጥታ ወደ አዋቂ አይሄዱም? ካውንስለር፣ ማለትም የሠለጠነ አማካሪ፣ ባለበት ትምህርት ቤት እንኳን በሩን የማያንኳኩ ብዙ ናቸው።

እሷ፦ የሚሰጣቸው መልስ ነዋ! አንድ ልጅ አቅም አሰባስቦ "ደክሞኛል፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም" ሲል፣ "አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?" ይባላል። ወይም ወዲያው ምክር ይዘንብበታል። ወይም ቤት ይደወላል። ጓደኛው ግን ይሰማዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። 40 ተማሪ ያለበት ክፍል ቢሆን አምስት ስድስት ልጅ ማለት ነው። እና ከነዚህ ውስጥ ስንቱን መምህሩ ያውቃል? ጓደኞቹ ግን ያውቃሉ። ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ማን ግሩፑን ጥሎ እንደወጣ፣ ማን የሚወደውን ኳስ እንደተወ።

እሱ፦ እሺ፣ እኔ በጣም የምፈራውን ልጠይቅሽ። "ለማንም አልናገርም ብለህ ማልልኝ" ሲባልስ? በዛ ዕድሜ የጓደኛን ሚስጥር ማውጣት ክህደት ነው።

እሷ፦ መሐላው ከመምጣቱ በፊት ነው መልሱ መዘጋጀት ያለበት። ሥልጠናው ላይ አፋቸውን እስኪፈታ ሊለማመዱት ይገባል፣ እንደ ቲያትር ቃለ ተውኔት። "የምትነግሪኝን ለወሬ አላወጣውም። ግን ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው ብዬ ካሰብኩ ብቻዬን አልይዘውም፤ አብረን ለአንድ የምታምኚው ሰው እንነግራለን።" በቃ ይሄው ነው። "አብረን" የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷን ትቶ ሄዶ አልተናገረባትም፣ እጇን ይዞ ነው የሄደው።

እሱ፦ እምቢ ብትልስ?

እሷ፦ እምቢ ብትልም ይነገራል። ያኔውኑ፣ ነገ ሳይባል። ትኮርፍ ይሆናል፣ ለሳምንታትም ላታናግረው ትችላለች፤ ኩርፊያው ይቻላል።

እሱ፦ ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ። "ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚከት ይመስለናል። ጥናቶች ይሄን አይደግፉም። በቀጥታና በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሰው ቀለል ነው የሚለው። ወላጆችም መምህራንም ይሄን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

እሷ፦ ትክክል። አሁን ደግሞ ስለ አዳማጩ እናውራ፣ ምክንያቱም እሱን የሚጠይቀው የለም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መልእክት ይመጣለታል። ነገ ፈተና አለው። ካልመለስኩ ምን ይሆናል ብሎ ይጨነቃል፣ ሳይተኛ ያነጋል። ይሄ እኮ ሌላ ተጎጂ መፍጠር ነው። የጤና ባለሙያዎች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመክሩት እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ስለ ደህንነት የሚያወራ ፕሮግራም ከዛ ላይ ቆርሶ መውሰድ የለበትም።

እሱ፦ መፍትሔውስ?

እሷ፦ በየሳምንቱ አንድ ቋሚ ሰዓት፣ አንድ ቋሚ አዋቂ። ቁጥር ለመሙላት የሚደረግ ስብሰባ አይደለም። "ምን ከበደህ?" ተብሎ የሚጠየቅበት። አዳማጩም "ዛሬ እኔም አልተመቸኝም፣ ሌላ ሰው ይያዝልኝ" የማለት መብት ይኑረው፣ ይሄን ስላለ ደግሞ ማንም እንዳይታዘበው። የሌሊቱን ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው መነጋገር ነው፤ የድንገተኛ ስልክ ማን ጋ እንደሚደወል እያንዳንዱ አቻ መሪ ስልኩ ላይ መዝግቦ ይያዝ።

እሱ፦ "መሪነት" የሚለውን ግን ዘለልነው። እኔ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ሐሳብ አለኝ። ልጆቹ ወንበር ሲደረድሩ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ባነር ሲይዙ ይውሉና መሪነት ተማሩ ይባላል። መሪ ማለት የሆነ ነገር የመወሰን ወይም ቢያንስ የማስቀየር ዕድል ያለው ሰው ነው።

እሷ፦ ምሳሌ ስጠኝ።

እሱ፦ አቻ መሪዎቹ ወር ሙሉ ሲያዳምጡ የሚደጋገም ነገር ይሰማሉ አይደል? በአንድ ቀን ሦስት ፈተና ይደራረባል። አንድ መምህር ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ክፍል ፊት ስማቸውን እየጠራ ያነባል። ወይም ሽንት ቤቱ በር ስለማይዘጋ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም። እነዚህ የልጆቹ የአእምሮ ችግር አይደሉም፣ ትምህርት ቤቱ የፈጠራቸው ጭንቀቶች ናቸው። ማንም ልጅ ተቀምጦ በጥልቅ ስለተነፈሰ የፈተና ፕሮግራሙ አይስተካከልም።

እሷ፦ ስለዚህ ይሄን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ይግቡ ነው የምትለው።

እሱ፦ አዎ፣ የማንም ስም ሳይነሳ፣ የተደጋገመውን ብቻ። በየወሩ ቀጠሮ ይያዝላቸው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በተቆረጠ ቀን መልስ ይስጥ። እምቢ ቢል እንኳን ምክንያቱን ነግሯቸው ይሁን። ሁለት ሦስት ጊዜ ተናግረው መልስ ካጡ፣ የሚቀጥለውን ልጅ "ና ለአዋቂ እንንገር" ለማለት በምን አፋቸው?

እሷ፦ ስሙን የመደበቁ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆነ "አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ" ማለት በራሱ ማን እንደሆነች ያሳውቃል።

እሱ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ከሦስትና ከአራት ልጅ ያልሰሙትን ለስብሰባ ባያቀርቡት ይሻላል። የአንድ ልጅ ጉዳይ ከሆነ ቀጥታ ወደ ካውንስለሩ ይሂድ፣ የስብሰባ አጀንዳ አይደለም።