በጾም የዋለ ታንክስጊቪንግ

(ከአሜሪካ የተመለሱ ቤተሰቦች ከጎረቤቶቻቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ ባዘጋጁት የታንክስጊቪንግ ራት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሥራ ውላችሁ፣ የመንገዱን መጨናነቅ ችላችሁ የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሐሙስ ማታ ሰው መጥራት ይከብዳል። ነገ ሥራ አለ፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አሜሪካ ግን ዛሬ ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓል ነው። እኛ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ስንቀመጥ ዋሽንግተን ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ኒውዮርክ ላይ ሜሲስ የሚባለው ትልቅ መደብር የሚያዘጋጀው የበዓል ሰልፍ አላለቀም፣ የእህቶቻችን ተርኪም (የበዓሉ የቱርክ ዶሮ) ገና ከምድጃ አልወጣም። እነሱ ማዕድ ሲቀርቡ እዚህ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ስልክ ስትጠብቁ እንደምታመሹ አውቃለሁ።

ጎረቤቶቻችን በቅን ልብ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «አገራችሁ ገብታችሁ የፈረንጅ በዓል ምን ያደርግላችኋል?» ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በሚገባው ልክ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

እኔና እናቴ በሱዳን በኩል ተሰደን ቨርጂኒያ ስንገባ ብርዱ ጀምሮ ነበር። ስፖንሰር ያደረጉን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፤ ከእነሱ መካከል አንዲት ባልቴት ለታንክስጊቪንግ ቤታቸው ጠሩን። በየሳህኑ አጠገብ ስም የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ቆሟል። የእናቴ ስም ፊደሉ ተሳስቷል፤ ቢሆንም በእጅ ጽሑፍ፣ በጥንቃቄ፣ ከሌሎቹ እኩል ተጽፎ ተቀምጧል። ከመብላታችን በፊት ሁሉም በየተራው ስለምን እንደሚያመሰግን ተናገረ። ተራው እናቴ ጋ ሲደርስ ላስተረጉምላት ስል ባልቴቷ በእጃቸው ያዝ አደረጉኝና እሷን እያዩ አንገታቸውን ነቀነቁላት። እናቴ ተነሥታ በአማርኛ ጀመረች። መንገድ ላይ የቀሩብንን ሰዎች በስም ጠራች። ዱራ (ማሽላ) ያበላንን የሱዳን ገበሬ መረቀች። የቤቱን ባለቤት መረቀች፣ ልጆቻቸውን መረቀች። ብዙ ቆየች። ምግቡ እየቀዘቀዘ ማንም ማንኪያ አላነሣም። ስትጨርስ እኔ «አሜን» አልኩ፤ ሁሉም ተከተሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ታንክስጊቪንግ አብረን አሳለፍን! ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዎች ተርኪውን በሎሚና በጨው አጥበን፣ በበርበሬና በንጥር ቅቤ አሽተን፣ ከእንጀራና ከማካሮኒ በቺዝ ጋር አቅርበናል። እንቁጣጣሽ ሥራ ላይ ይውልብናል። ገናችንም ሥራ ላይ ይውልብናል። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሌሊት አረጋውያን ስትንከባከብ የምታድረው፣ ሁሉም ባይሆኑ እንኳ አብዛኞቹ፣ አንድ ቤት የሚገናኙት በዚያ ሐሙስ ነበር። እንግዲህ በዓሉን የምናከብረው አሜሪካን ስለናፈቅን ብቻ አይደለም። ሰው በሌለን ጊዜ ሰው ያገኘንበት ቀን ስለሆነ ነው።

ይህን ስል የበዓሉን ታሪክ ማሳመር አልፈልግም። ልጆቻችን ሙሉውን ይወቁት። እ.ኤ.አ. በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ከመጡት 102 መንገደኞች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን ክረምት ሳይሻገሩ አለቁ። የተረፉትን በቆሎ መዝራት ያስተማራቸው ቲስኳንተም የሚባል የአገሬው ሰው ነው። በ1621 መከር ሲገባ የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መንገደኞቹ ወደ ሰፈሩባት ወደ ፕሊመዝ መጣ፤ የእሱ ሰዎች አምስት አጋዘን አድነው አመጡ፣ ሦስት ቀንም አብረው በሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው መራራ ነው። በ1675 በተነሣው ጦርነት የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ከሰፋሪዎቹ ጋር ተዋጋ፤ በዓመቱ ተገደለ፤ ብዙ ወገኖቹም በባርነት ተሸጡ። ከ1970 ጀምሮ የአገሬው ተወላጆች በዚሁ ሐሙስ ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው ሐዘናቸውን ያስባሉ። ዛሬም እዚያው ናቸው። እኛ መሬቱን ከተነጠቁት ወገን ሳንሆን በእንግድነት ገብተን በላንበት፤ ስለዚህ ስማቸውን ማንሣት ግዴታችን ነው።

በዓሉ በየዓመቱ በአገር ደረጃ መከበር የጀመረው በፕሬዚዳንት ሊንከን ጊዜ ነው። ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 የኖቬምበርን የመጨረሻ ሐሙስ የምስጋና ቀን ብሎ ሲያውጅ አገሩ እርስ በርሷ እየተዋጋች ነበር። ሕዝቡ ሲያመሰግን ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች፣ ወላጅ አልባ ልጆችንና ሐዘንተኞችን በጸሎት እንዲያስብ በዚያው አዋጅ ጠይቋል። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚህ አዳራሽም ከጦርነት የተረፈ፣ ከጦርነት ያልተመለሰለት ሰው ያለው አለ።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። የእኛ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ በዓሉ ብዙውን ጊዜ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ዘንድሮ ኅዳር 18 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ኅዳር 17 ይውላል። እዚህ ማክበር ስንጀምር ብዙ ተከራከርን። ግማሻችን «ያለ ተርኪ ምኑን ታንክስጊቪንግ ሆነ?» አለ፤ ግማሻችን «በጾም ሥጋ አንቀርብም» አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ እኛ ያረድነውን አይበሉም። ለእያንዳንዱ ለብቻ ጠረጴዛ እንዘርጋ ወይ ተባለ። በመጨረሻ ጎረቤታችን እማማ ነገሩን ቆረጡት፦ «ሁሉም የሚበላውን ሥሩ!»

ዛሬ የምታዩት ማዕድ የእማማ ፍርድ ነው። ዱባው ከሾላ ገበያ ነው፤ ግማሹ ወጥ ሆኗል፣ ግማሹ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ፓይ የሚባለው ጣፋጭ ሆኗል። ስኳር ድንቹ ከወላይታ የመጣ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ቦሎቄ አለ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ከአንድ ትሪ ይበላል። ተርኪው ቢኖር ኖሮ በሦስት ትሪ እንከፈል ነበር።

ደግሞ ልብ በሉ። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ዋምፓኖአጎች በአንድ ማሳ ላይ አብረው የሚዘሩት እህል ነው። የዱባ ወጣችንን ያቀላው በርበሬም ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ ድንቹም፣ ቲማቲሙም እንደዚያው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመት መርጠው ያላመዱት ዘር ዞሮ ዞሮ የእኛ የጾም ምግብ ሆኗል። ስለ ምግቡ የምናመሰግን ከሆነ ከሚመሰገኑት ውስጥ እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

አንድ የሚያሳስበኝን ነገር በግልጽ ልናገር። ከአሜሪካ የተመለስን ሰዎች እርስ በርሳችን ብቻ መጠራራት እያበዛን ነው። አንድ ዓይነት ትዝታ፣ አንድ ዓይነት ቀልድ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ ጨዋታ፣ የተዘጋ ግቢ። ዘበኛው በር ላይ ቁጭ ብሎ እኛ ውስጥ ስለ ደግነት የምናመሰግን ከሆነ በዓሉን አላከበርነውም። ያቺ ባልቴት የጠሩት ጓደኞቻቸውን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔና እናቴ ያን ቀን ብቻችንን በዋልን ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ሰው ሞልቷል። ከክፍለ ሀገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። በየቤታችን የምትሠራ፣ ለበዓል እንኳ አገሯ ያልገባች ልጅ አለች። ከኤርትራ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ የተሰደዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ኻርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከሱዳን የመጡ አሉ። እናንተ ከኻርቱም መጥታችሁ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እናቴ በሕይወት ኖራ ብታያችሁ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ትስማችሁ ነበር። የእናንተ ሰዎች እኛን ሲያበሉ ወረቀት አልጠየቁንም። ይህ ቤት ቤታችሁ ነው።

ከምግቡ በፊት አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ዘንድሮ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሰኞ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጥር 11፣ ጥምቀታችን ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀኑ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ 40 ዓመት ሊሆነው ነው። ከ1994 ወዲህ ደግሞ ሰዎች ወጥተው ማኅበረሰባቸውን በጉልበት የሚያገለግሉበት ቀን እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል። እኛ ለጥምቀት ከቤት መቅረት ስለማንችል አገልግሎቱን በከተራው ጠዋት ብናደርገው ብለን አስበናል። የሰፈራችን ወጣቶች ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ሲጠርጉና ሲያስጌጡ እናግዛቸዋለን። መጥረጊያና ጓንት እኛ እንገዛለን። የምትመጡ ሰዎች ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት በሩ ጋ ባለው መዝገብ ስማችሁን ጻፉ።

አሁን እማማ ማዕዱን ይባርኩልን፤ ከዚያ እጅ መታጠቢያው በስተግራ ነው።