ከባዱ ቀትር ነው

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን በዝምታና በብቸኝነት የሚኖሩት የካቶሊክ መነኮሳት፣ ካርቱሲያኖች ናቸው። ቅዱስ ብሩኖ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1084 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከግርኖብል ከተማ በላይ ባሉት የሻርትሩዝ ተራሮች የጀመረው ማኅበር ነው። ስለ እነሱ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈራው ዝምታቸውን ነው። እኔ ግን ከባዱ ቀትር ነው እላለሁ።

በኣታቸው፣ ማለትም እያንዳንዱ መነኩሴ ለብቻው የሚኖርባት ማደሪያ፣ አጥር ያላት፣ አትክልት የሚተከልባት ትንሽ ቤት ናት። ታች ማገዶና የእጅ ሥራ፣ ላይ አልጋ፣ መጻሕፍትና የጸሎት ቦታ። በር አጠገብ ባለች ትንሽ መስኮት ምግብ ይቀመጥለታል። መነኩሴው ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ተኝቶ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ግድም ይነሳል፤ በበኣቱ ጸልዮ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። የሌሊቱ ጸሎት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ተመልሶ እስከ ንጋት ይተኛል።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዜማው ልቡ ሞቆ ስለሚመለስ መተኛት ትቶ ማንበብ ያምረዋል። ሌሊቱ ይጣፍጠዋል፤ ቀኑ ግን ያስከፍለዋል። ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፣ ሐኬት፣ ማለትም ጸሎቱንም ሥራውንም የሚያስጠላው የቀትር መሰልቸት፣ በሩ ላይ ሲደርስ የሚቋቋምበት አቅም አያገኝም።

ሐኬትን ከአባ ኤዋግሪዮስ በላይ የገለጸው የለም። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በረሃ የኖረ አባት ነው። ሐኬት ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት መነኩሴውን ከብቦ ይይዘዋል ይላል፤ ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የሆነ ይመስለዋል። ደጋግሞ በመስኮት ያያል። 9 ሰዓት፣ የምግቡ ሰዓት፣ ስንት እንደቀረው ያሰላል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፣ የእጅ ሥራውንም ይጠላል፤ ሌላ ገዳም ብሄድ እያለ ያስባል።

ለዚህ ነው የካርቱሲያን ቀን የተቆራረጠው። ደወል ይደወላል፣ አጭር ጸሎት፤ ከዚያ መጽሐፍ፤ ከዚያ እንጨት መፍለጥ ወይም አትክልት መኮትኮት። አእምሮ ሲዝል እጅ ይረከባል። በሳምንት አንድ ጊዜም ሁሉም አብረው ወጥተው፣ እያወሩ ለሰዓታት በእግር ይጓዛሉ። ይህ መላላት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ያለዚያ ብቸኝነቱ ሰውን የሚያደርቅ ይመስለኛል።

ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መመሪያ ለጸሎትና ለተመስጦ ተዘግተው ለሚኖሩ መነኮሳይት (ሴት መነኮሳት) ከመጨረሻው መሐላ በፊት ቢያንስ 9 ዓመት ዝግጅት ያስፈልጋል። ብዙ ይመስላል። ሆኖም የመጀመሪያውን ዓመት ሙቀት ማንም ይችለዋል፤ ቀትሩ የሚመጣው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ በዚያ ሰዓት ምንም አትወስን፤ የጀመርከውን ሥራ ጨርስ፤ ሐሳብህን ለመምህርህ ሳትደብቅ ንገር።