የሽቦ ፍለጋ የወለደው ሙዚየም

[ምስል፦ ትንሽ የካርቶን መድረክ፤ አንድ እጅ የወረቀት ወታደርን ከጎን ይገፋል]

ተራኪ፦ ይህ ወታደር ከወረቀት የተቆረጠ፣ የወረቀት ቲያትር የሚባለው የልጆች መጫወቻ ተዋናይ ነው። ካርቶን ላይ ተለጥፎ እግሩ በሽቦ መግፊያ ተይዟል። ሽቦው ረጅም ስለሆነ ተጫዋቹ ከመድረኩ ጎን ቆሞ ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል። ወታደሩ ክንዱን አያነሣም፣ አፉን አይከፍትም፤ ቁጣውም ሞቱም ከጀርባው ከሚያነበው ልጅ ድምፅ ይመጣል።

[ምስል፦ ቀለም ያልገባበትና ቀለም የተቀባ የታተመ ወረቀት ጎን ለጎን]

የወረቀት ቲያትር በለንደን የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን። ታላላቅ ቲያትር ቤቶች አዲስ ተውኔት ሲያሳዩ አታሚዎች የተዋንያኑን አለባበስና አቋቋም አስነድፈው፣ በመዳብ ሰሌዳ አስቀርጸው ይሸጡ ነበር። ቀለም የሌለው ወረቀት አንድ ፔኒ፣ በእጅ የተቀባው ሁለት ፔኒ። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ሁለት ፔኒ የከፈለ ልጅ የጨዋታውን ግማሽ ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ትዕይንቱ ራሱማ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው፤ ጣዕሙ በመቀባቱና በመቁረጡ ላይ ነው።

ከአታሚዎቹ አንዱ በሆክስተን ጎዳና ሱቅ የነበረው ጆን ሬዲንግተን ነው። ልጁን ያገባው ቤንጃሚን ፖሎክ በ1870ዎቹ ሱቁን ተረከበ። ፖሎክ በአብዛኛው አዲስ ተውኔት አላስቀረጸም፤ ከአማቱ የወረሳቸውን አሮጌ ሰሌዳዎች የቀድሞውን ስም እየፋቀ፣ የራሱን እያስቀረጸ ደጋግሞ አተመባቸው። በ1884 ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ስለ ልጅነቱ የወረቀት ቲያትር ባወጣው ጽሑፍ ሱቁን አነሣው፤ የፖሎክም ስም ከሰፈሩ አልፎ ተሰማ።

ፖሎክ በ1937 ሲሞት ሴቶች ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ። ገበያው ግን ከተቀዛቀዘ ቆይቶ ነበር። በ1940ዎቹ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ፤ የገዛው ድርጅትም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ።

[ምስል፦ የሽቦ መግፊያ በቅርበት]

ታሪኩ እዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ማርገሪት ፎድሪ የምትባል እናት ግን ለልጇ የወረቀት ቲያትር እነዚህን የሽቦ መግፊያዎች ፈለገች፤ ገበያ ላይ አጣቻቸው። የከሰረውን ድርጅት ሒሳብ የያዘውን ሰው ብትጠይቅ፣ መጋዘኑ ውስጥ እልፍ አእላፍ እንዳለ፣ ፈልጎ የሚያወጣላት ሰው ግን እንደሌለ ነገራት። ከፈለገች ግን ሁሉንም ጠቅልላ መግዛት ትችላለች። ሰውየው ከልቡ ይናገር አይናገር እንጃ፤ እሷ ግን ገዛች። ጥቂት ሽቦ ፍለጋ የወጣች ሴት ሰሌዳውን፣ የታተመውን ክምር ወረቀትና የፖሎክን ስም ይዛ ተመለሰች።

በ1956 በመሀል ለንደን፣ በሞንማውዝ ጎዳና፣ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል በፖሎክ ስም የመጫወቻ ሙዚየም ከፈተች፤ የወረቀት ቲያትሩም እዚያው ይሸጥ ነበር። አሻንጉሊቱ፣ የጨርቅ ድቡ፣ የቆርቆሮ መኪናው እየተጨመረ ሌሎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ ያዘ። ቤቱ ሲሞላ በ1969 ወደ ስካላ ጎዳና ተዛወረ። ከዕቃዎቹ መካከል 4,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት የሚነገርላት የግብፅ የሸክላ አይጥ ትገኛለች።

[ምስል፦ ጠባብ ደረጃ፣ በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ አሻንጉሊቶች]

ሙዚየሙ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ በፎድሪ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ2023 የስካላ ጎዳናውን ቤት ለቀቀ። የወረቀት ቲያትር መግዛት የሚፈልግ ግን ዛሬም ለንደን ውስጥ ኮቨንት ጋርደን ገበያ ጎራ ማለት ይችላል፤ በሌላ ባለቤት ሥር የሚተዳደር የፖሎክን ስም የያዘ የመጫወቻ ሱቅ አለ።