የእማዬ ጥፍርና የእሁዱ ዶሮ

እሺ... ተጀመረ መሰለኝ። ሰላም ናችሁ? ፈንገስ ስለያዘው የእማዬ የእግር ጥፍር ሰልችቷችኋል፣ አውቃለሁ። ደህና ነው፣ ከስሩ ጥርት ብሎ እያደገ ነው። የዛሬው ሌላ ነው።

እሁድ ዶሮ እየሠራች ነበር። ማማሰያውን ወደ እኔ ዘረጋችና "እስቲ ቅመሺልኝ" አለች። እማዬ! ድስቷ አጠገብ ሰው የማታስቆመው። ቀመስኩ። ጨው ብቻ ነው። ፊቴን እያየች ነው። መረቁ ከማማሰያው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ አላየችውም። እማዬ ጠብታ ሳታይ! "ቆንጆ ነው" አልኩ። ምንም አላለችም። ዞር ብላ ውሃ ጨመረችበት።

ውሃ ጨመረችበት እኮ።

ለጥፍሩ የታዘዘላት ኪኒን ተርቢናፊን ይባላል። ጣዕም ሊያጠፋ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ አለ፣ በጉንዳን ፊደል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ብዙ ጊዜ። የጉበት ምርመራ አዘውላት ነበር፣ ጥሩ። ስለ ምላስ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

የሚያናድደው ደግሞ ፈንገስ ዘመዳችን መሆኑ ነው። ከባክቴሪያ፣ ከዕፅዋት እንኳ፣ ለእንስሳት ይቀርባል። ስለዚህ እሱን ብቻ ለይቶ መምታት ከባድ ነው። የእኛ ሴል ሽፋን ኮሌስትሮል አለው፣ የእሱ ደግሞ ኤርጎስቴሮል የሚባል ሌላ ቅባት። መድኃኒቶቹ የሚያነጣጥሩት እዚያች ልዩነት ላይ ነው። ተርቢናፊን ፈንገሱ ኤርጎስቴሮል መሥራቱን ገና ከጅምሩ ያቋርጣል፤ ስኳሊን የሚባል ቅባት ፈንገሱ ውስጥ ይጠራቀምና ይገድለዋል። ሌላው የፈንገስ መድኃኒት፣ ፍሉኮናዞል፣ እዚያው መስመር ላይ ወረድ ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ግን መድኃኒት የሚሰባብሩትን የእኛንም የጉበት ኢንዛይሞች ይነካካል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደም እስከማፍሰስ ሊያደርስ ይችላል። ሌላው የፈንገስ መድኃኒት፣ የኬቶኮናዞል ኪኒንማ፣ በጉበት ጉዳት የተነሳ በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ይታገድ ብሏል።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ቆረቆር ነበረብኝ፣ እሱም ፈንገስ ነው። አዎ፣ ከድመቷ። አትሳቁ። ግሪሶፉልቪን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ነበር የሚሰጠኝ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። እማዬ በቅቤ ፍትፍት ታስውጠኝ ነበር። ያ ፍትፍት... እ፣ ምን ልል ነበር?

ለጥፍር ብሎ ይሄ ሁሉ? እላለሁ። ግን ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስታወልቅ እግሯን በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍን አይቻለሁ። ክሬሙ ደግሞ ጥፍሩን አልፎ አይገባም። ታዲያ ምን ታድርግ? አሁን በኩራት ነው የምታወልቀው። እኔ ማን ነኝ አያስፈልግም የምል? ግን ደግሞ ያ ዶሮ...

ትናንት ደውላ "ሎሚ ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል" አለችኝ። እውነቷን ይሁን ለእኔ ብላ እንጃ። ድምፅዋ ግን... ተዉት። ይሄን ክፍል እንዳትሰማው። እህቴ ናት ሁሌ የምታሰማት። ስሚ፣ አንቺ፣ ይሄንን እንኳ...