ከሕያው መቃብር የመጣ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የንባብ ክበባችን አባላትና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ዛሬ የማወራችሁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖሩ የአየርላንድ ነጻነት ታጋዮች ደብዳቤ ነው። እነሱ የጻፉትን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወርሰው ፖሊስ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1858 ደብሊን ውስጥ አየርላንድን ከብሪታኒያ አገዛዝ ለማውጣት የሚታገል አንድ ሕቡዕ ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ ፌኒያን ይባሉ ነበር። አንዱ ክንፍ አየርላንድ፣ ሌላው ኒውዮርክ። መሀል ላይ ውቅያኖስ አለ። ስለዚህ መጻፍ ግድ ነው። በመስከረም 1865 ፖሊስ የማኅበሩን ጋዜጣ ቢሮ ወረረ። እዚያው ቢሮ የሚሠራ ሰው፣ የማኅበሩ መሪ ጄምስ ስቲቨንስ የጻፈውን ደብዳቤ ለፖሊስ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ይህ ዓመት የተግባር ዓመት መሆን አለበት የሚል ደብዳቤ ነው። ጋዜጣውን ያዘጋጁ የነበሩት ቶማስ ክላርክ ሉቢና ጆን ኦሊሪ እያንዳንዳቸው 20 ዓመት ተፈረደባቸው።

የእኔን ልብ የሚነካው ግን ሌላ ደብዳቤ ነው።

ጆን ዴቮይ በብሪታኒያ ጦር ውስጥ ያሉ አየርላንዳውያን ወታደሮችን ለማኅበሩ ይመለምል ነበር። በ1866 ተያዘ። በ1871 አገር ለቆ እንዲወጣ ተብሎ በምሕረት ተፈታ፤ ኒውዮርክ ገባ። ወታደሮቹን ግን ምሕረቱ አልነካቸውም። የጦር ሠራዊት መሐላ አፍርሳችኋል ተባሉ። በግዞት በተላኩበት ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፍሪማንትል እስር ቤት ቀሩ።

ከእነሱ አንዱ ጄምስ ዊልሰን በ1874 ለዴቮይ ጻፈ። «ይህ ከመቃብር የሚመጣ ድምፅ መሆኑን አስታውስ» አለው። ያሉበትን ቦታ ሕያው መቃብር ብሎ ጠራው። እስቲ ራሳችሁን በዴቮይ ቦታ አድርጉ። እናንተ ነጻ ወጥታችኋል። እናንተ ያስገባችኋቸው ሰዎች የዓለም ጫፍ ላይ ናቸው፤ ረስተኸናል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?

ዴቮይ ዝም አላለም። ባልቲሞር በተደረገው፣ ክላን ና ጌል በሚባለው በአሜሪካ ያሉ የአየርላንድ ነጻነት ታጋዮች ማኅበር ጉባኤ ላይ ደብዳቤውን አነበበው። ገንዘብ ተዋጣ። ካታልፓ የምትባል ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተገዛች። በሚያዝያ 1875 ከአሜሪካዋ የወደብ ከተማ ኒው ቤድፎርድ ተነሣች። ካፒቴኑ ጆርጅ አንቶኒ አየርላንዳዊ እንኳ አልነበረም። አውስትራሊያ ላይ ነገሩን ያቀነባበረው ጆን ብሬስሊን ነው፤ ሀብታም ነጋዴ መስሎ ፍሪማንትል ተቀመጠ። በነገራችን ላይ፣ ስቲቨንስን በ1865 ከደብሊን እስር ቤት ያስመለጠውም እሱ ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 1876፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ስድስት እስረኞች በሠረገላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ገሰገሱ። ዊልሰን ከስድስቱ አንዱ ነው። በትንሽ ጀልባ ማዕበል ላይ አደሩ። በማግስቱ ካታልፓ ላይ ወጡ። የቅኝ ግዛቱ የእንፋሎት መርከብ ደርሶባቸው መድፍ ተኮሰ። አንቶኒ ካታልፓ ላይ ወደሚውለበለበው የአሜሪካ ባንዲራ ጠቆመ፤ የእንፋሎት መርከቡ አልደፈራቸውም። በነሐሴ ወር ኒውዮርክ ደረሱ።

የዴቮይ ወረቀቶች ዛሬ ደብሊን፣ በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚሄድ ካለ ጎራ ብሎ ይያቸው።

አመሰግናለሁ።